የአባትን ስም የሚያስነብብ ታርጋ በእንግሊዝ አገር መግዛት ያዋጣል?

ጠባሴ (ደብረ ብርሃን)፦

ጤና ይስጥልኝ። በውጭ አገር የመኪና ሥርዓት የምታውቁ ወገኖች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ይኖራል፤ የሚተዳደረውም በስልክ እየተጠራ መንገደኛ በማመላለስ ነው። ሰሞኑን ደውሎ ያማከረን ጉዳይ ቤተሰቡን በሐሳብ ከፍሎታል። እዚያ አገር ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚወዳቸውን ፊደሎችና ቁጥሮች የያዘ ታርጋ መግዛት እንደሚችል፣ እርሱም የአባታችንን ስም የሚያስነብብ ታርጋ አንድ ነጋዴ ዘንድ እንዳገኘና ሊገዛው እንደቆረጠ ነገረን። አባታችን ካሳ ይባላሉ፤ የሚኖሩት መሐል ሜዳ ነው። በታርጋው ላይ ያለው ኬ የሚባለው የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ 4 ቁጥር፣ ከዚያም ኤስ፣ ኤስና ኤ ናቸው፤ 4 ቁጥር ለዓይን ኤ የተባለውን ፊደል ስለሚመስል ሲነበብ «ካሳ» ይሆናል ማለት ነው።

ነጋዴው ያወጣው ዋጋ 1,900 ፓውንድ ነው። ወንድሜ ለመግዛት የሚያነሣቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ አባታችን ገብስና በግ እየሸጡ ሁላችንንም ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰው ስለሆኑ፣ እንጀራውን በሚያበስልበት መኪና ላይ ስማቸውን ይዞ መዋል ክብር ይሰማኛል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ታርጋ ዋጋው ከዓመት ዓመት ስለሚጨምር ገንዘቡ የትም አይሄድም፣ ሲቸግረኝ እሸጠዋለሁ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ማናችንም አልተቃወምንም፤ እናታችንም ሲሰሙ መርቀውታል። ያከራከረን ሁለተኛው ነው። እኅቴ፣ ገንዘቡ ሊወጣ ካልቀረ የወላጆቻችንን ቤት ጣራ ቆርቆሮ ብናስቀይርበት ይሻላል ትላለች። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የማውቀው ታርጋ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በተራ የሚሰጥ፣ ኮድ 2 ከሆነ መኪናው የግል፣ ኮድ 3 ከሆነ የንግድ መሆኑን የሚያሳውቅ ሰሌዳ ስለሆነ፣ ቁጥር እንደ ወርቅ ተቀምጦ ዋጋ ያወጣል የሚለውን ነገር ለማመን ተቸግሬአለሁ።

ስለዚህ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ዋጋው ተገቢ መሆኑን፣ ቆይቶ መሸጥ የሚቻል መሆኑን፣ መኪናው ሲሸጥ ወይም ሲጋጭ ታርጋው የማን እንደሚሆን፣ ደግሞም ወንድሜ አንድ ቀን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ይዞት መምጣት የሚችል መሆኑን እንዲያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወንድሜ ቁርጥ መልስ ከእኔ ነው የሚጠብቀው።

የአንኮበር ልጅ (በርሚንግሃም)፦

ውድ ጠያቂ፣ የምሠራው እዚህ በርሚንግሃም ውስጥ መኪና በሚሸጥ ድርጅት ቢሮ ነው፤ የታርጋ ዝውውር ወረቀት በእጄ ስለሚያልፍ ጉዳዩን አውቀዋለሁ። ጥያቄዎቹ ተያያዥ ስለሆኑ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

ከሁሉ በፊት ወንድምዎ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ልብ ይበሉ። ብሪታንያ ውስጥ የመኪና ቁጥር የማንም የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ በአገሩ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ሁሉ ቁጥር እንዲለጥፍ በሕግ ሲታዘዝ ቁጥሩ መለያ ብቻ ነበር። ሰዎች የሚያምር ቁጥር ሲወዱና ለቁጥሩ ሲሉ መኪና ሲገበያዩ የታየው ቀስ በቀስ ነው፤ መንግሥትም ፍላጎቱን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ዲቪኤልኤ በሚባለው የመኪና መዝጋቢ መሥሪያ ቤቱ በኩል ራሱ መሸጥ ጀመረ። ገዢ የሚያገኘው ያንን ቁጥር በአንድ መኪና ላይ የማዋል መብት ነው። ቁጥሩ መኪና ላይ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ መብቱ የሚሄደው የዚያ መኪና ተመዝጋቢ ሆኖ ስሙ ከተጻፈው ሰው ጋር ነው። ሰዎች የሚጎዱት ይህን ሳያውቁ ሲቀሩ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ዋጋው፣ 1,900 ፓውንድ የተባለው የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል። ነጋዴዎች በማስታወቂያ ላይ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ቫትና የመንግሥት ክፍያ ያልተካተተበትን ሒሳብ ነው። ቁጥሩ የነጋዴው የራሱ ሸቀጥ ከሆነ ሃያ በመቶ ቫት ሲጨመርበት 2,280 ይሆናል፤ ቁጥሩን መኪና ላይ ለማስመዝገብ የሚከፈለው 80 ፓውንድ ሲታከልበት 2,360 ይደርሳል። ስለዚህ ወንድምዎ ከመስማማቱ በፊት «ሁሉም ነገር ተጨምሮ ስንት ነው?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከመንግሥት በቀጥታ የሚገዙት ቁጥሮች ከ250 ፓውንድ ይጀምራሉ፤ ቫቱም 80 ፓውንዱም በዚያው ውስጥ ነው።

የቁጥሩን አጻጻፍ በተመለከተ፣ አንድ ፊደል ከፊት፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ሦስት ፊደል ያለበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2001 የቆየው ነው። በዚያ ዘመን የፊተኛው ፊደል መኪናው የወጣበትን ዓመት ያመለክታል፤ ኬ የ1992 እና የ1993 ነው። ሕጉ መኪናን ከዕድሜው በላይ አዲስ የሚያስመስል ቁጥር መለጠፍን ይከለክላል፤ አሮጌ የሚያስመስለውን ግን ይፈቅዳል። የወንድምዎ መኪና ከ1993 ወዲህ የተመዘገበ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ እንደዚያ ከሆነ በዚህ በኩል እንቅፋት የለበትም።

ነገር ግን አንድ በዓይን የሚታይ ጉዳይ አለ። በሕጉ መሠረት በኬ4 እና በሦስቱ ፊደሎች መካከል የተወሰነ ክፍተት መኖር አለበት። ከፊት በነጭ፣ ከኋላ በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር ሲጻፍ ስሙ ከመካከሉ ተከፍሎ ነው የሚታየው። ክፍተቱን አጥብቦ አንድ ላይ የገጠመ፣ የፊደሉን ቅርጽ የለወጠ ወይም የማሰሪያ ቡሎኑን ራስ ጥቁር ቀብቶ 4ቱን ይበልጥ ፊደል ለማስመሰል የሞከረ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል፤ መኪናውም ኤምኦቲ የተባለውን የቴክኒክ ምርመራ አያልፍም፤ ከባሰም ቁጥሩን ሊነጠቅ ይችላል። ወንድምዎ በነጋዴው ማስታወቂያ ላይ ያየው ሥዕል ፊደሎቹ የተቀራረቡበት ከሆነ፣ በመንገድ ላይ የሚነዳው ያንን አለመሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። መኪናው ሲሸጥ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ቁጥሩን አስወርዶ በስሙ ካላስቀመጠ በስተቀር። ማስቀመጫው 80 ፓውንድ ይከፈልበታል፤ ከተከፈለ በኋላ ቪ778 የሚባል ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱም ለአሥር ዓመት ያገለግላል፤ ሲያልቅም ይታደሳል። ለመኪናው ደግሞ ዕድሜውን የሚመጥን ተራ ቁጥር ይመለስለታል። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት መኪናው ከእጅ ሳይወጣ ነው። እኛ ዘንድ የመጣ አንድ ደንበኛ የሟች እናቱን የስም መነሻ ፊደሎች የያዘ ቁጥር ነበረው። መኪናው ተገጭቶ ከጥቅም ውጭ ነው ሲባል የመድን ድርጅቱ ካሳውን ከፈለ፤ መኪናውን በጭነት ወሰደ፤ ተሰባብሮም ለብረት ተሸጠ። ሰውየው ቁጥሩን የጠየቀው ካሳው ተከፍሎ መኪናው ከመዝገብ ከወጣ በኋላ ስለነበረ፣ በእጁ የቀረው በጋራዡ የተነቀለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ብቻ ነበር፤ መብቱ ግን ጠፍቷል። ያን ሰሌዳ ጨርቅ ጠቅልሎበት ይዞ መጥቶ ቆጣሪያችን ላይ ሲያኖረው በአካል አይቻለሁና፣ ወንድምዎ ቁጥሩን ከገዛ በመድን ውሉ ላይ ቁጥሩ የግል መሆኑን አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ፣ አደጋ ቢደርስም ካሳውን ከመቀበሉ በፊት «ቁጥሩን አስቀራለሁ» ብሎ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አደራ እላለሁ።

የወንድምዎ ሥራም ከሌላው ሰው የተለየ ያደርገዋል። ለመንገደኛ ማመላለሻ መኪና ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው ካውንስል ሲሆን፣ በመኪናው ላይ በሚለጠፈው የፈቃድ ሰሌዳ የመኪናው ቁጥር አብሮ ይጻፋል። ቁጥር ሲለወጥ ለካውንስሉ፣ ለመድን ድርጅቱ፣ ሥራ ለሚሰጠው ኩባንያና በቁጥሩ ለሚታወቅበት የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ሁሉ መንገር የግድ ነው። አዲሱ የፈቃድ ሰሌዳ ታትሞ እስኪደርሰው ድረስ ሥራ ሊፈታ ስለሚችል፣ ያ የሚጠፋው ቀን ገቢም ከዋጋው ጋር አብሮ ይታሰብ።

ሾፌሩ (ሸዋ ሮቢት)፦

የአንኮበሩ ወንድማችን ያስረዳን ነገር ብዙ ነው፤ እናመሰግናለን። እኔ ለአባታችን ለአቶ ካሳ አስቤ አንድ ነገር ልጨምር። በአይሱዙ ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥቼ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የምመላለስ ሰው ነኝ። በእኛ መንገድ ሰው መኪናን በታርጋው ቁጥር አያውቀውም፤ የሚያውቀው በግንባሩ ላይ በተጻፈው ነው። የእኔ መኪና ግንባር ላይ የአባቴ ስም አለ። ጸሐፊው መጀመሪያ ቆርቆሮውን በነጭ ቀለም ደልድሎ፣ በእርሳስ ሁለት መስመር አስምሮ፣ ፊደሎቹን በቀይ ከሞላ በኋላ በቀጭን ብሩሽ ከእያንዳንዱ ፊደል ቀኝ ጎን ጥቁር ጥላ ሲያወርድለት አባቴ ከጎኑ ወንበር አስመጥተው እስኪጨርስ ተቀምጠው ተመለከቱ። ዳዊት የደገሙ ሰው ስለሆኑ ፊደሉ ገና ሲጀመር አነበቡት።

አቶ ካሳ የላቲን ፊደል የሚያነቡ መሆናቸውን ጠያቂው አልነገሩንም። የማያነቡ ከሆነ፣ የታርጋው ፎቶግራፍ በስልክ ተልኮ ሲደርሳቸው 4 ቁጥር ፊደል ሆኖ ስማቸውን እንደሚሠራ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት። ክብሩ ለእርሳቸው ከሆነ፣ ራሳቸው አንብበው የሚደሰቱበት ነገር ቢሆን መልካም ነው እላለሁ። በተጨማሪም የመንገደኛ መኪና የሚነዳ ሰው ማንም የማይረሳው ታርጋ ሲኖረው የት እንደዋለና የት እንዳመሸ ሁሉም ሰው ያውቅበታል። ይህ ለሚወደው ሰው ጥሩ ነው፤ ለማይወደው ግን ሸክም ነውና ወንድምዎ ይህንንም ያስብበት።

የመንዝ ጌራ ተወላጅ (ዱባይ)፦

ከመሐል ሜዳ ሰው ስም ስለተነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው በዓለም ላይ ታርጋ በውድ ዋጋ ከሚሸጥባቸው ከተሞች በአንዱ ስለሆነ፣ ወንድምዎ «ዋጋው ይጨምራል» ስላለው ነገር ብቻ ልናገር።

እዚህ አገር በታርጋ ላይ ስም አይጻፍም። የሚፈለገው የቁጥሩ ማነስ ነው፤ አንድ አኃዝ ብቻ ያለው ታርጋ የባለጸጋ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አቡ ዳቢ ውስጥ 1 ቁጥር በጨረታ በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዱባይ ውስጥ ፒ7 የሚለው ታርጋ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጦ ክብረ ወሰኑን ወሰደ፤ ያ ጨረታ የተዘጋጀው ለበጎ አድራጎት ስለነበረ ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ምግብ የሚውል ነበር። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 በመንግሥት ጨረታ 25 ኦ የሚለው ቁጥር ክፍያው ሁሉ ተደምሮ ከ500,000 ፓውንድ በላይ አውጥቷል፤ ገዢው ታዋቂ የፌራሪ ነጋዴ ሲሆን፣ ቁጥሩን የፈለገው ኦ የሚባለው የላቲን ፊደል ዜሮን ስለሚመስልና 250 ኤስደብልዩቢ ለሚባለው ውድ ፌራሪ ስለሚስማማ ነው። እንዲህ ያሉ ወሬዎች በጋዜጣ ስለሚወጡ ሰው ሁሉ ታርጋ ሀብት ነው ብሎ ያምናል።

ሆኖም ግን 1 ቁጥርን የሚፈልግ ሰው ስሙ ማንም ቢሆን ችግር የለውም፤ በዓለም ላይ ያለ ባለጸጋ ሁሉ ተጫራች ሊሆን ይችላል። «ካሳ» የሚለውን ታርጋ ግን የሚፈልገው በእንግሊዝ አገር የሚኖር፣ ካሳ የሚባል ወይም የካሳ ልጅ የሆነ፣ ስሙን በሁለት ኤስ የሚጽፍ፣ መኪና ያለው፣ ለዚህ ነገር በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ለማውጣት የፈቀደ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወንድምዎ መሸጥ በፈለገበት ሰሞን እስኪገኝ ድረስ ታርጋው ገዢ አይኖረውም። ለነጋዴ መልሶ ልሽጠው ቢል ነጋዴው ራሱ የሚሸጥበትን ዋጋ አይሰጠውም፤ ትርፉንና ዕቃው የሚቆይበትን ጊዜ አስቦ እጅግ ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። የተከፈለው ቫትም ለወንድምዎ አይመለስለትም። ታርጋው በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ ደግሞ ኪራይ ወይም ወለድ አያስገባም። በእኔ ግምት ዛሬ 2,360 ፓውንድ የወጣበት ታርጋ ነገ በችኮላ ቢሸጥ የዚያን ግማሽ እንኳ ለማግኘት ያዳግታል።

በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳቡ ጨርሶ ይውጣ እላለሁ። ወንድምዎ ገንዘቡ እንደማይመለስለት ቆጥሮም፣ ለአባቱ ስም ያንን ያህል ለማውጣት ደስ የሚለው ከሆነ ይግዛ። ከሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ ልጅ የአባቱን ስም በሰው አገር ይዞ የሚሄደው ለአባቱ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ለራሱም መጽናኛ ይሆነዋል። ብቻውን በሌሊት የሚሠራ ሰው ማለዳ ወደ መኪናው ሲቀርብ የአባቱን ስም ቢያነብ፣ የዚያን ዋጋ እኛ ከሩቅ ሆነን ልንተምንለት አንችልም። ነገር ግን ስሜቱን ንግድ ነው ብሎ ለራሱም ለቤተሰቡም ባያቀርበው ይሻላል፤ የእኅትዎ የጣራ ጥያቄም ተገቢ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ጠባሴ (ደብረ ብርሃን)፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጻፋችሁትን ለወንድሜ አንብቤለት በጥሞና አዳመጠኝ። አባታችን የላቲን ፊደል አያነቡም፤ የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን በዚህ እውነት ተናግረዋል። ወንድሜ ግን የመንዝ ጌራው ወገናችን እንዳሉት ለራሴም ነው የምፈልገው አለኝ። የሚሸጥበትን ነገር ከእንግዲህ አላነሣም ብሏል።

አዲስ የሰማሁት ነገር መኪናው የራሱ አለመሆኑን ነው። ከአንድ ኩባንያ ለሦስት ዓመት በወር ሒሳብ ተከራይቶ የሚሠራበት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ መልሶ ያስረክባል። በዚህ መኪና ላይ የገዛውን ታርጋ ቢለጥፍ ምን ይከተላል? ወደ ኢትዮጵያ ስለማምጣት የጠየቅሁትም መልስ አላገኘም። ደግሞ 2,360 ፓውንድ ከበዛበት ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን?

የአንኮበር ልጅ (በርሚንግሃም)፦

መኪናው የኪራይ መሆኑን መንገርዎ ጉዳዩን ለውጦታል። ቀደም ሲል እንደጻፍኩት ቁጥሩ መኪና ላይ ከዋለ በኋላ መብቱ የሚከተለው በምዝገባ ደብተሩ፣ ማለትም እኛ ሊብሬ የምንለውን በሚመስለው ቪ5ሲ ላይ በተመዝጋቢነት የተጻፈውን ነው። በዱቤ ገዝቶ በየወሩ ለሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ ተመዝጋቢው ራሱ ነው። በኪራይ ውል ግን ደብተሩ የሚወጣው በአከራዩ ኩባንያ ስም ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ቁጥሩን በዚያ መኪና ላይ ቢያስመዘግብ፣ ለማስወረድ የሚያመለክተውም ኩባንያው ይሆናል ማለት ነው። ብዙ አከራዮች የአገልግሎት ክፍያ እየጠየቁ ይተባበራሉ፤ የማይፈቅዱም አሉ። የሚተባበሩትም ቢሆኑ ውሉ ከማለቁ በፊት ጊዜ ተወስዶ ካልተጠየቁ፣ መኪናው ለጨረታ ሲወጣ ቁጥሩ አብሮ ሊሸጥ ይችላል። የራሱ መኪና እስኪኖረው ድረስ በኪራይ መኪና ላይ እንዳይለጥፍ እመክራለሁ።

ይህ ማለት ግን እስከዚያ ድረስ መግዛት አይችልም ማለት አይደለም። ከመንግሥት በቀጥታ የተገዛ ቁጥር ቪ750 በሚባል ምስክር ወረቀት በገዢው ስም ለአሥር ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ መኪና ባይኖረውም እንኳ። ከነጋዴ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ምስክር ወረቀቱ በማን ስም እንደወጣ አጥብቆ ይጠይቅ። በወረቀቱ ላይ ባለመብት ሆኖ የሚታየው ነጋዴው ወይም የቀድሞው ባለቤት ከሆነና የወንድምዎ ስም ተጠቃሚ ተብሎ ከሥር የተጨመረ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ መኪና ላይ እስኪመዘገብ ድረስ መብቱ በዚያ ሰው እጅ እንዳለ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ለዓመታት በሌላ ሰው ስም ማስቀመጥ አይገባም። በገዢው በራሱ ስም ከተቀመጠና እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን፣ መብቱ እንደ ሌላው ንብረቱ ለወራሾቹ ይደርሳል።

ርካሽ መንገድ ለሚለው ጥያቄዎ፣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ይሞክር እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2001 ወዲህ የሚወጡት ቁጥሮች ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኃዝና ሦስት ፊደል አላቸው። 5 ቁጥር ኤስ የሚባለውን ፊደል ስለሚመስል፣ በኬኤ55 ጀምሮ ቀጥሎ ኤ የሚመጣበት ቁጥር «ካሳ» ተብሎ ይነበባል፤ የቀሩት ሁለት ፊደሎች እንደ ዕድል የአያታችሁ ወይም የወንድምዎ የስም መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ስለሚለዋወጡ አማራጩ አንድ ብቻ አይደለም። በዲቪኤልኤ ድረ ገጽ ላይ ኬኤ55 ብሎ ሲፈልግ ያልተሸጠ ካገኘ ከነጋዴው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሊወስደው ይችል ይሆናል። 55 የሚለው አኃዝ ከሴፕቴምበር 2005 እስከ ፌብሩዋሪ 2006 የወጡ መኪኖች ምልክት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በተመዘገበ መኪና ላይ ሁሉ መዋል ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ስለማምጣት ያሉትን በአጭሩ ልመልስ። የእንግሊዝ ቁጥር የሚያገለግለው በእንግሊዝ መዝገብ ውስጥ ላለ መኪና ብቻ ነው። መኪናው ወደ አገራችን ገብቶ ሲመዘገብ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የኢትዮጵያ ሰሌዳ ይሰጠዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ መኪናውን ራሱን ይዞ የመምጣት ሐሳብ ካለ ኤሌክትሪክ መሆን አለበት። ቁጥሩን ግን ሲመለስ ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ምስክር ወረቀቱን እያደሰ ያቆየዋል፣ ወይም እዚያው ለተወለደ ልጅ መኪና ያስመዘግበዋል።

ጠባሴ (ደብረ ብርሃን)፦

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ደውሎ የነጋዴውን ታርጋ መተዉን ነገረኝ። ምስክር ወረቀቱ በማን ስም እንደሆነ ሲጠይቀው ነጋዴው በሌላ ደንበኛ ስም መሆኑን ነግሮታል፤ ቫቱም በዋጋው ውስጥ አልነበረም። በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በኬኤ55 የሚጀምሩትን እየተመለከተ ነው። ከ500 ፓውንድ በታች የሆነ ከተገኘ በስሙ ገዝቶ፣ የኪራይ ውሉ አልቆ የራሱን መኪና እስኪይዝ በምስክር ወረቀት ያስቀምጠዋል። ከ1,900 ፓውንዱ የተረፈውን ለጣራው እልካለሁ ስላለ፣ እኅቴ የቆርቆሮውንና የሚስማሩን ዋጋ ከሱቅ ጠይቃ እንድትጽፍለት ተስማምተናል። ከካውንስሉ አዲስ የፈቃድ ሰሌዳ ለማግኘት ማንቸስተር ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጅ በሥራው ላይ ያለ ወገን ቢኖር፣ እንዲጽፍልን እለምናለሁ።